ጠጉራም ውሻ

«ጠጉራም ውሻ አለ ሲሉት ይሞታል» ይላሉ አበው። ይህን ተረት ያልሰማ አማርኛ ተናጋሪ ያለ አይመስለኝም። ደኅና መስሎ ውስጡ ስላለቀ መሥሪያ ቤት፣ ከውጭ አምሮ ከውስጥ ስለ ፈረሰ ትዳር፣ ሱፍ ለብሶ ስለሚንጎራደድ ባለዕዳ ስናወራ እንተርተዋለን። ውሻውን ግን ማንም አያስበውም። እኔም ሳላስበው ስተርት ኖሬ፣ ነገሩ የገባኝ ጠጉራም ውሻ እጄ ላይ ከወደቀ በኋላ ነው። ያውም ሳልፈልገው።

የተረቱ መነሻ ቀላል ነው። ጠጉሩ አጭር የሆነ ውሻ ሲከሳ የጎድን አጥንቱ ይቆጠራል፤ ሲቆስል ዝንብ ይከብበዋል፤ ያየው ሁሉ ወይ ያዝንለታል ወይ ያባርረዋል። ጠጉራሙ ግን ሥጋው እያለቀ ጠጉሩ እንደ ሞላ ይቆያል። መንገደኛው «አለ፤ እንዲያውም ወፍሯል» ብሎ ያልፋል። አንድ ቀን ጠዋት በር ላይ ተዘርግቶ ሲገኝ «ትናንት ደኅና አልነበረም እንዴ?» ይባላል።

* * *

ውሻው የመጣው በ2010 ዓ.ም. መስከረም ላይ ነው። አዲስ አበባ በምኖርበት ሰፈር የነበሩ አንድ ቤተሰብ ጠቅልለው ወደ ውጭ አገር ሊሄዱ ሆነ። ሶፋው ተሸጠ፤ ማቀዝቀዣው ተሸጠ፤ ምጣዱ ለዘመድ ተሰጠ። ውሻውን የሚወስድ ግን ጠፋ። ነጭ ነው፤ ቁመቱ ከድመት እምብዛም አይበልጥም፤ ጠጉሩ ዐይኑን ሸፍኖ መሬት ይጠርጋል። «ማልቲዝ ነው» ይሉታል፤ እኔ ዲቃላ ሳይሆን አይቀርም ባይ ነኝ። በመሄጃቸው ዋዜማ ትንሿ ልጅ እያለቀሰች አምጥታ አስታቀፈችኝ። የሚያለቅስ ልጅ ፊት እምቢ ማለት የሚችል እምቢ ይበል፤ እኔ አልቻልኩም።

አከራዬ ግን ቻሉ። «ቤቱን ያከራየሁት ላንቺ ነው፤ ለውሻ አላከራየሁም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቀኑን ሙሉ ቢሮ የምውል ሰው፣ አንድ ክፍል ቤት ውስጥ ውሻ ዘግቼ ብሄድ ጩኸቱን የሚሰሙት እሳቸው ናቸው። ጥቂት ቀን ለመንኳቸውና በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ ውሻውን በዘንቢል አድርጌ፣ ነጠላ ሸፍኜ፣ ወደ እናቴ ዘንድ በአውቶቡስ ተሳፈርኩ።

ከአዲስ አበባ ደብረ ሲና 190 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እስከ ደብረ ብርሃን ውሻው እንቅልፉን ለጠጠ። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ የሄደበት ያውቀዋል። ሜዳው ሲያልቅ ጣርማ በር ይመጣል። ጣሊያን በወረራው ዘመን በተራራው ሆድ የቦረቦረው፣ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ጥቂት የሚረዝመው ዋሻ ታልፎ ሲወጣ ብዙ ጊዜ ዓለም ሁሉ ጉም ነው። በዚያ ጉም ውስጥ በጥምዝምዙ መንገድ ቁልቁል ሲወረድ ደብረ ሲና ይገኛል። አውቶቡሱ ገና ከመቆሙ ቆሎ ሻጮቹ መስኮቱን ከበቡት። ይኼኔ ውሻው አንገቱን ከነጠላው ሥር ብቅ አደረገ። አንዷ ቆሎ ሻጭ የምትሰፍርበትን እንደ ያዘች ቀጥ ብላ ቆመችና «እትዬ፣ ይኼ ውሻ ነው ወይስ ግልገል?» አለችኝ።

እናቴም ከዚህ የተሻለ አቀባበል አላደረገችለትም። «ውሻ ቤት ይጠብቃል እንጂ ውሻን ማን ይጠብቀዋል?» አለች። ውሻ ለእሷ ደጅ የሚያድር፣ ፍርፋሪ የሚጣልለት፣ ሌሊት የሚጮኽ ፍጡር ነው። መደብ ላይ የሚወጣ ውሻ ሰምታም አታውቅ። ሆኖም እጇን ሰዳ ጀርባውን ዳሰሰችው። ዳሰሰችና ፊቷ ተለወጠ። «ይኼማ ባዘቶ ነው!» አለች። ባዘቶ በደጋን ተነድፎ ለፈትል የተሰናዳ ጥጥ ነው። ፈረንጅኛው ስሙ በዚያው ቀረና «ባዘቶ» ተባለ።

እናቴ መንዝ ተወልዳ፣ ደብረ ሲና ተድራ የመጣች ሴት ናት። የመንዝን ብርድ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ያስቸግራል። በጎቹም ብርዱን የሚመክት ረዥምና ሻካራ ጠጉር አላቸው። ያ ጠጉር ተሸልቶ፣ ታጥቦ፣ ተፍታቶ፣ ተፈትሎ ባናና በርኖስ ይሆን ነበር። እናቴ ልጅነቷን ያሳለፈችው ይህን ጠጉር ስታፍታታና ስትፈትል ነው። ይህን የምነግራችሁ በኋላ ለሆነው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

* * *

ለጥምቀት ስመለስ ባዘቶ ባዘቶ መሆኑ ቀርቷል። ነጩ ጠጉር አመድማ ሆኗል። ከጆሮው ኋላ፣ ከብብቱ ሥር፣ ከኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ጠጉር ተያይዞ እንደ ቁርበት ደርቋል። ጭጎጎቱ፣ ገለባው፣ የምድጃው አመድ ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል። እናቴ ግን በኩራት «ወፍሯል አይደል?» አለችኝ። አዎ፣ ወፍራም ይመስል ነበር።

እኔም የከተማ ሰው ነኝና ወዲያው ውሃ አሞቅሁ፤ ሳሙና አመጣሁ፤ ሳፋ ውስጥ ነከርኩት። ሁለት ነገር ሆነ። የመጀመሪያው፣ ውሻው አለቀ። ጠጉሩ በውሃ ሲተኛ ያ ሁሉ ውፍረት የት እንደ ገባ አላውቅም፤ እጄ ላይ የቀረው ከእርጥብ ጫጩት ብዙ የማይበልጥ አጥንት ነው። ሁለተኛው፣ ቋጠሮዎቹ ይለቃሉ ስል ጭራሽ ጠበቁ። ባሸሁ ቁጥር እንደ ድንጋይ ሆኑ። ተናደድኩና መቀስ አመጣሁ።

እናቴ መቀሱን ከእጄ ቀማችኝ። «ጠጉር ሳይፈታ ውሃ ይነካል? ውሃና እሸት ያገኘው ጠጉር እርስ በርሱ ይነካከሳል። በጉ ያስተማረንን ውሻ ሲሆን ረሳሽው?» አለችኝ። ከዚያም ቋጠሮውን ወደ ላይ ሳብ አድርጋ አሳየችኝ። ቆዳው አብሮ ተነሣ፤ እንደ ድንኳን ቆመ። መቀሱን ጠጉር መስሎኝ ብሰድ ኖሮ የምቆርጠው ሥጋውን ነበር።

ባዘቶን በአሮጌ ፎጣ ጠቅልለን እሳት ዳር አደረቅነው። ከዚያ እናቴ የእንጨት ሚዶዋን አወጣች። የሠራችውን ልንገራችሁ፤ ጠጉራም ውሻ ያለው ሰው ይጠቀምበታልና። በግራ እጇ ሁለት ጣት ቋጠሮውን ከቆዳው አጠገብ ጭምቅ አድርጋ ያዘች፤ ጉተታው ጣቷ ላይ ያልቃል፤ ቆዳው ጋ አይደርስም። ቀጥላ ቋጠሮውን በጣቷ ጫፍ ከመካከሉ ከፈለችው፤ ግማሹን ደግሞ ከፈለችው። ከዚያ በኋላ ነው ሚዶው የገባው፤ እሱም ከጫፉ። ጫፉ ሲለቅ ትንሽ ወደ ውስጥ፤ ያ ሲለቅ ደግሞ ትንሽ ወደ ውስጥ፤ ሥሩ የሚደረሰው መጨረሻ ላይ ነው። «ከሥሩ የሚጀምር ይነቅላል፤ ከጫፉ የሚጀምር ይፈታል» አለችኝ። ውሻው መጀመሪያ ጥርሱን አሳያት፤ ቆይቶ ጭኗ ላይ ተኛ።

አንገቱ ጋ ስትደርስ እጇ ቆመ። በጣቷ ፈለግ ፈለግ አደረገችና «እዚህ ምንድር ነው ያለው?» አለች። እዚያ ጠጉር ውስጥ፣ ልጆቹ ያሰሩለት ቀጭን ቀይ ማሰሪያ ነበር። እኔም አላየሁት፤ እሷም አላየችው። ጠጉሩ በላዩ ተያይዞ፣ እየጠበቀ ሄዶ፣ ማሰሪያው ቆዳውን በልቶ ገብቷል። ማሰሪያውን በምላጭ በጥንቃቄ ስንበጥሰው ሽታው ቤቱን ሞላው። ቁስሉ እንደ ቀለበት አንገቱን ዞሮታል። ሦስት ወር ሙሉ አጠገባችን ሆኖ፣ ጅራቱን እየቆላ፣ ይህን ይዞ ኖሯል።

እናቴ ለረዥም ጊዜ ዝም ብላ ቆየች። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር «ጠጉራም ውሻ አለ ሲሉት…» አለችና ሳትጨርሰው ተወችው። ሁለታችንም ያሰብነው ውሻውን አልነበረም።

* * *

አባቴ ያረፈው በ2001 ዓ.ም. ነው። ካፖርት ለባሽ ነበር፤ በካፖርቱ ላይ ጋቢ ይደርባል፤ አንገቱን በፎጣ ይጠመጥማል። የደብረ ሲና ብርድ ይህን ያስለብሳል፤ ማንም አይደነቅም። ለፋሲካ መጣን፤ ከተቀመጠበት ተነሥቶ ሳመን፤ «እንዴት ነህ አባዬ?» አልነው፤ «አለሁ» አለን። በልተን፣ ጠጥተን፣ ሥቀን ተመለስን። ሁለት ወር ሳይሞላ ስልክ ተደወለ። የገነዙት ሰዎች በኋላ ለአጎቴ «ልጅ ያነሣን ነው የመሰለን» እንዳሉት ሰማሁ። ከዚያ ሁሉ ልብስ ሥር ሰውየው አልቆ ነበር። በምን እንዳለቀ እስከ ዛሬ የሚነግረኝ ሐኪም የለም፤ ሐኪም አላየውማ።

* * *

ከዚያ ቀን ወዲህ በየወሩ ደብረ ሲና መሄድ ጀመርኩ። ለራሴ የምሰጠው ምክንያት ውሻው ነበር። አዲስ አበባ ያማከርኩት የእንስሳት ሐኪም ብዙ ነገር አስረዳኝ። አጭር ጠጉር ያለው ውሻ ጠጉሩ የተወሰነ ርዝመት ደርሶ ይረግፋል፤ መሬት ላይ ይቀራል፤ ይጠረጋል። እንደ ባዘቶ ያለው ግን ጠጉሩ ረዥም ጊዜ ያድጋል፤ የሞተውም ጠጉር ወደ መሬት አይወድቅም፤ ከሕያው ጠጉር መካከል ተሰክቶ ይቀራል። ቋጠሮ የሚጀምረው እዚያ ነው። ስለዚህ ካልተቻለ በየሁለት ቀኑ፣ ከተቻለ በየቀኑ መበጠር አለበት። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ላይ ላዩን ማበጠርም ማታለል ነው አለኝ። ከላይ ሐር የመሰለ ጠጉር ከሥሩ ቁርበት ሆኖ ይገኛል። የሚሻለው በአንድ እጅ ጠጉሩን ወደ ላይ ገልጦ፣ የቆዳው መሥመር እስኪታይ ከፍሎ፣ ከሥር ያለውን ስስ ረድፍ አበጥሮ፣ ቀጥሎ ያለውን ረድፍ ማውረድ ነው። እናቴ ይህን ስነግራት ሣቀች፤ ሹሩባ የሚሠራ ሰው ሁሉ ጠጉር የሚከፍለው እንዲሁ ነውና። መጀመሪያ በብሩሽ፣ ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ፣ በመጨረሻ ጠበብ ባለው ይሞከራል። ማበጠሪያው የትም ሳይዝ ከሥር እስከ ጫፍ ካለፈ በኋላ ነው ውሃ የሚነካው። የሰው ሳሙናም ጥሩ አይደለም፤ የውሻ ቆዳ አሲድነቱ ከሰው ቆዳ ያነሰ ስለ ሆነ ይደርቃል፤ ያሳክከዋል። ታጥቦ እርጥብ እንዳይተውም አጥብቆ አስጠነቀቀኝ፤ በደብረ ሲና ጉም ውስጥ ይህ ቀላል ሥራ አይደለም። እናቴ ቅቤ እንቀባው ብላ እንደ ነበር ስነግረው ግን ሐኪሙ ብዕሩን አስቀምጦ ሣቀ። «ጠጉሩ ላይ አይቆይም፤ ልሶ ይጨርሰዋል» አለኝ።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱንም አስከተብኩት። ጎረቤት ልጅ አለ፤ ውሻ ለሚያቅፍ ቤተሰብ ይህ የመጀመሪያው ግዴታ ነው።

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ቡና እየተፈላ፣ ባዘቶን ጭኔ ላይ አድርጌ እንቀመጣለን። ጎረቤቶች ሲገቡ ያዩና አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። አንድ አዛውንት «ልጄ፣ ሰው የሚያበጥረው አጥቶ በሚኖርበት አገር ውሻ ይበጠራል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ዛሬም ሙሉ መልስ የለኝም። ትንሽ ውሻ ማቀፍ በእኛ አገር የቤተ መንግሥት ወግ ተደርጎ ነው የሚታየው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ትንሽ ውሻ ሉሉን የማያስታውስ የዚያ ዘመን ሰው ጥቂት ነው። ሉሉ ቺዋዋ ነበር፤ ጠጉሩ አጭር ነው፤ የሚያስቸግር ማበጠሪያ አያስፈልገውም።

ስለ ጠጉራም ውሾች ሳነብ ያገኘሁትን አንድ ታሪክ ለእናቴ ነገርኳት። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1860 የእንግሊዝና የፈረንሳይ ጦር ፔኪንግ አጠገብ የነበረውን የቻይና ንጉሠ ነገሥት የበጋ ቤተ መንግሥት ዘረፈ፤ ተቃጠለም። እዚያ ከተገኙት ትንንሽ ጠጉራም ውሾች አንዷ ለንግሥት ቪክቶሪያ ተሰጠች። ስሟንም «ሉቲ» አሏት፤ ዘረፋ ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል መሆኑ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ፣ በ1868፣ የዚያችው ንግሥት ጦር መቅደላ ወጣ። ከመጻሕፍቱና ከንዋየ ቅድሳቱ ጋር የሰባት ዓመቱን ልዑል ዓለማየሁን ይዞ ወረደ። ንግሥቲቱም ልጁን አየችው፤ ወደደችው ይባላል። በ18 ዓመቱ በ1879 በእንግሊዝ አገር ሞተ፤ ዊንዘር ተቀበረ።

እናቴ ቡናውን መቅዳት ትታ አዳመጠችኝ። «ለውሻዋስ አበጣሪ አላጣችላትም» አለች። «ልጁን ማን አበጠረው?»

* * *

በ2011 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ነው። ዝናብና ጉም ነበር። እናቴ ጋቢዋን ተከናንባ ምድጃ ዳር ተቀምጣለች። «እንዴት ነሽ እማዬ?» አልኳት። «አለሁ» አለችኝ።

ባዘቶን አበጥሬ ጨረስኩ። ሚዶው እጄ ላይ ነው። ለምን እንዳልኩት አላውቅም፤ «ነይ አንቺንም ላበጥርሽ» አልኳት። «ዛሬ ይቅር፤ ብርድ ነው» አለች። ባለፈው ወርም ይቅር ብላኝ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ሁልጊዜ ሹሩባዋን የምትሠራላት ጎረቤታችን «እናትሽ ራሷን ማስነካት ትታለች» ያለችኝም ትዝ አለኝ። ተነሥቼ ከኋላዋ ተቀመጥኩና ሻሿን ፈታሁ። እጄን ይዛኝ ነበር፤ ቆይታ ለቀቀችኝ።

ጠጉሯን ከጫፉ ጀመርኩ። እየከፈልኩ ወደ ሥሩ ስወጣ፣ ጣቴ ከጆሮዋ በታች አንገቷ ላይ ዐረፈ። ሦስት እብጠት፤ የባቄላ ፍሬ የሚያህሉ፤ ተያይዘው የቆሙ። ጋቢውን ገለጥኩት። የትከሻዋ አጥንት ወጥቷል።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ንፍፊት ነው። ብርድ ነው። ይጠፋል።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው እማዬ?»

«ከመጋቢት» አለችኝ። ሌሊት ሌሊት ላብ እንደሚያጠምቃት፣ እህል እንደማያሰኛት፣ ያን ሁሉ በዚያች ሰዓት ነገረችኝ። በየወሩ ስመጣ ነበር፤ በየወሩ ውሻውን ስገላልጥ ነበር።

በማግስቱ ደብረ ብርሃን ሐኪም ቤት ሄድን። ከእብጠቱ በመርፌ ናሙና ተወሰደ። ውጤቱ የንፍፊት ነቀርሳ ነው አሉን። ነቀርሳ ሲባል ብዙ ሰው ሳንባን ብቻ ያስባል፤ በእኛ አገር ግን ከሳንባ ውጭ፣ በተለይ በንፍፊት የሚያዘው ሰው ብዙ ነው። ሳንባ ውስጥ እስካልገባ ድረስ በትንፋሽ ወደ ሌላ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒቱ ስድስት ወር ሳይቋረጥ ይዋጣል፤ በመንግሥት ጤና ተቋም በነፃ ይሰጣል። ሐኪሙ ይህን ሁሉ በእርጋታ ካስረዳን በኋላ «ማን አገኘው?» ሲል ጠየቀ። እናቴ ቀደም ብላ «ውሻው» አለችው። ግራ ገብቶት ተመለከተን።

ክኒኑን የጀመረችው በዚያው ወር ነው፤ በጥር 2012 ዓ.ም. ጨረሰች። እብጠቶቹ ቀስ እያሉ ሟሙ። ለጥምቀት አዲስ ቀሚስ አሰፋች፤ አሮጌው ጠቧት ነበርና።

* * *

በ2014 ዓ.ም. ኅዳር ጦርነቱ ወደ ደብረ ሲና ሲቃረብ፣ እናቴ እንደ ጎረቤቶቿ ሁሉ ቤቷን ዘግታ ወደ ደብረ ብርሃን ወጣች። ከቤት ይዛ የወጣችው ጥቂት ነው። ዘንቢሉ ውስጥ ውሻው ነበር፤ ከውሻው ሥር ሚዶው ነበር። «ብርድ ልብሱን ትተሽ ሚዶ?» ስላት «ብርድ ልብስ ይሸፍናል» አለችኝ፤ ሌላ አልጨመረችም።

አሁን ባዘቶ አርጅቷል። አንድ ዐይኑ ደፍርሷል፤ ጠጉሩም ስለ ሳሳ አሳጥረን እንከረክመዋለን፤ ሙልጭ አድርገን አንላጨውም፤ ነጭ ውሻን ፀሐይም ብርድም ይጎዳዋልና። እኔ በስልክ «እንዴት ነሽ?» ስላት እናቴ እንደ ድሮው «አለሁ» ትለኛለች። እኔም እንደ ድሮው «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፤ ግን አላምናትም። ቅዳሜ አውቶቡስ እሳፈራለሁ።

ባለፈው ወር ስደርስ ባዘቶ በሩ ላይ ጅራቱን እየቆላ ተቀበለኝ። ብሩሹን ከቦርሳዬ አውጥቼ ሳነሣው እናቴ ከውስጥ ወጣች። በርጩማዋን ስባ ፊቴ ተቀመጠችና ሻሿን በገዛ እጇ ፈታችው።

«እኔን አስቀድሚ» አለችኝ። «እሱ ይጠብቃል።»